የረቡዕና የዓርብ ምሳ

ለወገብ ሕመም ከሶደሬ ፍል ውኃ የሚሻል የለም ብለው ባልደረቦቼ ስለወተወቱኝ፣ በ1980 ዓ.ም. ግንቦት ወር መጀመሪያ፣ አንድ ረቡዕ ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ከናዝሬት ወረድኩ። ሰው እምብዛም አልነበረም። ከውኃው ወጥቼ ሰውነቴን ሳደራርቅ፣ አጠገቤ ካለው የድንጋይ ጠርዝ ላይ አንድ ሰው ተቀምጠው አየሁ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል። ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ እግራቸውን ብቻ ውኃው ውስጥ ነክረዋል። ጭናቸው ላይ የፕላስቲክ ማኅደር አስቀምጠዋል። መቼም ፍል ውኃ ሊታጠብ የመጣ ሰው ማኅደር ይዞ አይመጣም።

ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

«አባቴ፣ አይገቡም እንዴ? ውኃው እኮ ዛሬ ልክ ነው» አልኳቸው።

«ለመታጠብ አልመጣሁም።»

«ታዲያ?»

«ወለንጪቲ ልሄድ ነበር የወጣሁት።»

ሳቄ አመለጠኝ። ወለንጪቲ ከናዝሬት በሐረር መንገድ ነው፤ ወደ ሶደሬ የሚወስደው ደግሞ በአሰላ በኩል ነው። «አውቶቡስ ተሳሳቱ?»

«አልተሳሳትኩም። ረዳቱ ‹ወለንጪቲ፣ ወለንጪቲ› እያለ ሲጠራ ቆሜ ሰማሁት። ከሰማሁት በኋላ ነው የሶደሬው ላይ የወጣሁት።»

ይህን ሲሉ አልሳቁም። እኔም ሳቄን ዋጥኩና፣ ነገሩን ለማለዘብ ባለቤቴ የቋጠረችልኝን ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ፈታሁ። ከላያችን ዛፉ ላይ ያሉት ጦጣዎች ወዲያው ወደ ታችኛው ቅርንጫፍ ወረዱ። ስድስት ሰዓት አልፏል።

«ጦጣዎቹ ሳይቀድሙን ይቁረሱ» አልኳቸው።

«ይባርክህ። ረቡዕና ዓርብ ምሳ አልበላም።»

«እንዴ! በዓለ ሃምሳ እኮ ነው፤ ጾም የለም!»

«ጾም ነው ያልኩህ መሰለህ?» አሉና ማኅደሩን ከፍተው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አሳዩኝ። «አንብበው። አስተማሪ ነህ መሰለኝ፤ ጣቶችህ ላይ ጠመኔ አለ።»

ደብዳቤው አጭር ነበር። ጓድ ነጋሳ የተባሉ የዘይት ፋብሪካ ሠራተኛ ወደ ወለንጪቲ ሄደው፣ በ1977ቱ ድርቅ በፋብሪካው ሠራተኞች እርዳታ ሕይወታቸው የተረፈውን ወይዘሮ ሀጂራን ይዘው እንዲመጡ፣ ወይዘሮዋም የፊታችን ቅዳሜ በሚከበረው የፋብሪካው በዓል ላይ ምስጋና እንዲያቀርቡ ይላል።

«ነጋሳ እኔ ነኝ» አሉኝ። «ቅዳሜ ይቺ ሴት በሠራተኛው ሁሉ ፊት መድረክ ላይ ቆማ እኔን ልታመሰግን ነው። ስሜን ጠርታ። ምን እንዳደረግኳት አታውቅም። ሳትወጣ ልነግራት ይገባል። ይኸው፣ መንገር የሚገባኝ ሰውዬ እዚህ ተቀምጬ እግሬን እቀቅላለሁ።»

ዳቦዬን አስቀመጥኩት። እንዲህ ያለ ነገር ሲጀመር አፍን ሞልቶ መስማት ነውር ነው። ያስቀመጥኩትን ግማሹን ጦጣዎቹ ወሰዱት፤ ጋሽ ነጋሳ ግን አላዩዋቸውም። አንድ ጊዜ ከጀመሩ በኋላ ዓይናቸውን ከውኃው ላይ ሳያነሱ ነው የነገሩኝ።

በዚያ ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል፤ አሥራ አንዱን የክበቡ ኃላፊ ሆነው። ክበብ የሚሉት ሠራተኛው ምሳ የሚበላበትን አዳራሽ ነው። የክበቡ ቀለብ በኮታ ይመጣል፤ ዱቄቱም፣ ምስሩም፣ መኮሮኒውም በሠራተኛው ቁጥር ልክ። የመጣውን ያልጨረሰ ክበብ በሚቀጥለው ወር ኮታው ይቀነስበታል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ረቡዕና ዓርብ አብዛኛው ሠራተኛ ይጾማል። ከሥራ የሚወጣው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስለሆነ ቤቱ ገብቶ ነው የሚቀምሰው። ይህን ግን ማን ጽፎ ሪፖርት ያደርጋል? ላብ አደሩ ይጾማል ብሎ ለፖለቲካ ተጠሪው የሚነግር ማን ነው? ስለዚህ በወረቀት ላይ ረቡዕም ዓርብም ሰው ሁሉ በልቷል። አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት ግን ሙስሊሙ፣ ጴንጤው፣ ጾሙን የተወው ወጣትም ተደምረው ሲሶ ቢሆኑ ነው።

«የቀረውስ?» አልኳቸው።

«የቀረውማ በጓሮ በር ይወጣ ነበር።»

ከወጥ ቤቱ ጀርባ ኑጉና ሰሊጡ የሚበጠርበት ሜዳ አለ። ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጠጠርና እንክርዳድ ይለቅማሉ። በለቀሙት ጆንያ ቁጥር ነው የሚከፈላቸው። ቋሚ ስላልሆኑ ክበብ አይገቡም። ረቡዕና ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ ግን ጋሽ ነጋሳ የጓሮውን በር ከፈት ያደርጉና ሴቶቹ ጣሳቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። የሚቀበሉት ትራፊ አይደለም፤ ማንም ያልነካው ምግብ ነው። «ማክሰኞና ሐሙስ ሜዳው ላይ ዘፈን ይሰማ ነበር» አሉኝ፤ «‹ነገ ነው፣ ነገ ነው› የሚል ዘፈን ራሳቸው አውጥተው።»

ሀጂራ ከእነዚህ አንዷ ናት። ከቦሰት ቆላ ነው የመጣችው። ከብቶቿ በ1976 አለቁ። ባሏ የቀሩትን ግመሎች ይዞ ወደ አዋሽ ወረደ፤ አልተመለሰም። ጫልቱ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ነበረቻት፤ ሌላው ገና በጀርባዋ የሚታዘል ነው። ከጣሳው አንድ ጉርሻ ብቻ ቀምሳ ክዳኑን ትገጥምና ለልጆቿ ይዛ ትሄዳለች። ጋሽ ነጋሳ ‹እዚህ ብዪ እንጂ› ሲሏት፣ ‹ኦቦ ነጋሳ፣ እኔ ሽታው ይበቃኛል› ትላለች።

«ጥሩ ሰው ነበሩ እኮ ታዲያ!» አልኩ፤ ቸኩዬ።

«እስኪ ቆይ» አሉኝ።

ጥቅምት 1977 ሲገባ የረሃቡ ነገር በይፋ ተነገረ። ሠራተኛው ሬዲዮ ከቦ አለቀሰ፤ የእውነት ነው ያለቀሰው። የአንድ ወር ደመወዝ ይሰጥ ተባለ፤ በየወሩ እየተቆረጠ ይሰጥ ጀመር። ይህ የሁሉም መሥሪያ ቤት ነበርና ማንም ከማንም አይበልጥበትም። ቆይቶ ግን ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለው የዱቄት ፋብሪካ ሠራተኞች በእሑድ ሥራቸው የፈጩትን ዱቄት ለተጎጂዎች ሰጡና ስማቸው በሬዲዮ ተነበበ፤ ፎቶግራፋቸውም ጋዜጣ ላይ ወጣ። የዘይት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጓድ ይርጋለም ሦስት ቀን ሙሉ የሰው ሰላምታ አልመለሱም። በምርት ውድድር የሚሰጠው ቀይ ባንዲራ ዓመቱን ሙሉ ዘይት ፋብሪካው ጋ ነበር፤ ተንከባክበው የያዙት ባንዲራ በአንድ ፎቶግራፍ ሊሄድ ሆነ።

«ሥራ አስኪያጁ ፎቶግራፍ ነበር ያስጨነቀው» አሉኝ ጋሽ ነጋሳ። «እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። በዚያው ሳምንት ቁጥጥር ሊመጣ ነው ተባለ። አንድ ሰው ደግሞ ጆሮዬ ላይ ሹክ አለኝ፤ ‹የመንግሥት ምግብ በጓሮ በር ይወጣል ተብሎ ተጽፎብሃል› ብሎ። የዚያን ጊዜ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ምግቡን ሸጦታል ሊሉኝ ይችላሉ። ማን ይመሰክርልኛል? እነዚያ ሴቶች? የእነሱን ቃል ማን ይጽፋል?»

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ተነሥተው፣ «ጓዶች፣ ከሐዲዱ ማዶ ያሉት ጓዶቻችን ምን እንዳደረጉ ሰምታችኋል። እኛስ ለወገናችን ምን እንጨምር?» አሉ። ደመወዙ አስቀድሞ ተቆርጧል። ከኋላ በኩል ጃራ የሚባል የመጭመቂያ መካኒክ እጁን አወጣ።

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ደመወዙን ወስዳችኋል። ኪሱንም ቀድዳችሁ ውሰዱትና እንገላገል?»

ሳቅ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ያኔ ነው ጋሽ ነጋሳ የተነሡት። «የረቡዕና የዓርብ ምሳችንን እንስጥ» አሉ። «ክበቡ በሳምንት ሁለት ቀን ይዘጋ። ጥሬው ተጠራቅሞ በፋብሪካችን ስም ለተጎጂዎች ይላክ።»

«እንደዚያ ያለ ጭብጨባ በሕይወቴ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም» አሉኝ። «ለምን አያጨበጭብ? ጿሚው ያልበላውን ነው የሰጠው። ሥራ አስኪያጁ ከሐዲዱ ማዶ ያሉት ያላሰቡትን ነገር አገኘ፤ ‹ከአፋቸው ነጥቀው የሰጡ ላብ አደሮች› የሚለውን መፈክር እዚያው ተቀምጦ ጻፈው። እኔ ደግሞ በጓሮ በር የሚወጣውን ምግብ በፊት በር አስወጣሁት። ቁጥጥሩ ቢመጣ ምን ያገኛል? ምንም። የሚያስመሰግን ነገር እንጂ።»

ሲወጡ ጃራ ትከሻቸውን ያዘ። «አንተ ነጋሳ፣ አንተ የምትጾመውን ጾም ለእኔም አካፈልከኝ አይደል?»

«ለተራበ ነው፣ ጃራ።»

«ለተራበ ከሆነ እሺ፣ እጾማለሁ። ግን ገነት ብንገናኝ አጠገብህ አልቀመጥም፤ እዚያም ምሳዬን ትሰጥብኛለህ።»

እቤታቸው ሲገቡ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ዘርፉ እየተኩራሩ ነገሯቸው። ወይዘሮ ዘርፉ ሽንኩርት እየከተፉ ሰሙና ቢላዋውን አቆሙ።

«ታዲያ እነዚያ ሴቶችስ?»

«የትኞቹ ሴቶች?»

ጋሽ ነጋሳ እዚህ ላይ ሲደርሱ እግራቸውን ከውኃው አወጡ፤ ቀልቷል። መልሰው ነከሩት። «‹የትኞቹ ሴቶች› አልኳት» አሉ። «የትኞቹ እንደሆኑ እያወቅሁ። ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ ያን ምግብ ማን እንደሚበላው ጠንቅቆ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላው ቢሰጥ ሳያውቅ ነው። እኔ አውቄ ነው።»

የመጀመሪያው ረቡዕ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ጣሳቸውን ይዘው ተሰለፉ። ጋሽ ነጋሳ ግምጃ ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ የለም ብላ እንድትነግራቸው ወጥ ሠሪዋን ላኩ። ዓርብ ዕለት ሀጂራ ብቻዋን መጥታ በሩን አንኳኳች። መክፈት ግድ ሆነባቸው።

«ኦቦ ነጋሳ፣ አጥፍተናል?» አለቻቸው።

«ኧረ ምንም አላጠፋችሁም።»

«ጩኸት በዝቶ እንደሆነ ዘፈኑን እንተዋለን።»

«ዘፈኑ አይደለም፣ ሀጂራ። ምግቡ ለተራቡት ተሰጠ።»

«እነማን ናቸው?»

«ድርቅ የጎዳቸው፤ ከብታቸው ያለቀባቸው…» ብለው አቆሙ። ከፊታቸው የቆመችው ማን እንደሆነች ታያቸው። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ እየተጠቀሰ ያለው የራሷ ነገር መሆኑ ገረማት እንጂ።

«የት ነው ያሉት?»

ከወለንጪቲ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ መጠለያ ተተክሎ ነበር። ጋሽ ነጋሳ ይህንን ነገሯት። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ሦስት ዓመት ሙሉ የሚመላለስባቸው።

«እንግዲያው እዚያ ልሂድ? ምግቡ እዚያ አለ?»

«አለ። የእኛው ነው የሚሄደው። ሂጂ፤ ልጆችሽንም ያዢ። እዚህ ፀሐይ ላይ ከምትቀሪ ይሻልሻል።»

«ለምን አልኳት?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ከበሩ ዞር እንድትልልኝ ነዋ! ዓይኗን ማየት ስላልቻልኩ ነው። መላክ ይጀመር አይጀመር ምን አውቄ ነው ‹አለ› ያልኳት?»

ሰኞ ሀጂራ ሥራ አልመጣችም። ልጆቿን ይዛ ሄዳለች።

ምግቡ አልተላከም ነበር። ዱቄቱ፣ ምስሩ፣ መኮሮኒው፣ ዘይቱ ከፋብሪካው ግምጃ ቤት አንድ ጥግ ላይ ሳምንት በሳምንት ይቆለላል። የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ጋሽ ነጋሳ ኪስ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ደፍረው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ።

«ጓድ ይርጋለም፣ የተጠራቀመውን ለምን አሁን አንልከውም? ወለንጪቲ እኮ ቅርብ ነው።»

«እንዲሁ በጆንያ ጭነን፣ ማንም ሳያውቅ?» አሏቸው ሥራ አስኪያጁ፤ በቁጣ አይደለም፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው። «ጓድ ነጋሳ፣ ሐሳቡን ያመነጨኸው አንተ ነህ፤ ታዲያ ለምን ታሳንሰዋለህ? የካቲት ላይ ለበዓሉ በሰልፍ ይሄዳል። የቴሌቪዥን ሰዎችም ቃል ገብተዋል።»

«ሁለተኛ አልጠየቅሁም» አሉኝ። «አንድ ጊዜ ጠይቄ ለኅሊናዬ ደረሰኝ ቆረጥኩለትና ተቀመጥኩ።»

በመካከሉ ቁጥጥሩ መጣ። የጓሮው በር ተዘግቶ አገኙት። ስለ ክበቡ ኃላፊ ንቃት የምስጋና ቃል ጽፈው ሄዱ።

የካቲት ላይ ሁለት የጭነት መኪኖች በቀይ ጨርቅ አጊጠው፣ መፈክሩ ከፊት ተወጥሮ፣ ወደ ወለንጪቲ ተጓዙ። ጋሽ ነጋሳ ሐሳብ አመንጪ ናቸውና ከፊተኛው መኪና ላይ ቆመው ነው የሄዱት። መጠለያው ደርሰው ሕዝቡ ሲሰለፍ፣ ካሜራ የያዘው ሰው ‹ልጅ የያዘች እናት ፈልጉልኝ› አለ። ከሰልፉ መሐል አንዲት ሴት እጇን ይዘው አመጡ። ሀጂራ ናት። ጫልቱ ቀሚሷን ጨብጣለች። ጀርባዋ ላይ ማንም የለም።

ጋሽ ነጋሳ ዱቄት የሞላበትን ሳህን ይዘው ፊቷ ቆሙ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትንሹስ?» አሏት።

«ኩፍኝ ነው አሉ። በታኅሣሥ መጨረሻ» አለች። ቀጥላም የፋብሪካውን መኪኖች አየት አድርጋ፣ «እናንተ ግን መጣችሁ፤ ገለቶማ» አለቻቸው። አመሰግናችኋለሁ ማለቷ ነው።

«በዚህ መሐል» አሉ ጋሽ ነጋሳ፣ «ካሜራ የያዘው ልጅ፣ ‹አባባ፣ ወደዚህ ዞር ይበሉ፤ ትንሽ ፈገግ› አለኝ።»

ከዛፉ ላይ አንድ ጦጣ የእንቁላል ቅርፊት ጣለብን።

«ፈገግ አልኩ» አሉ።

ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ በክበቡ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ምሳ የሚበላው ሁሉ ያየዋል። ባንዲራው እዚያው ጸና። ጋሽ ነጋሳ ከክበቡ ወደ አስተዳደር ክፍል ተዛወሩ፤ እድገት ነው። ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። ሴቶቹስ? ስጠይቃቸው ክበቡ ረቡዕና ዓርብ እንደገና የተከፈተው ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሆነ ነገሩኝ። በዚያን ጊዜ ሌላ ኃላፊ ነበር፤ የጓሮውን በር በጡብ አስደፍኖታል።

እኔ መቼም የማጽናናት በሽታ አለብኝ። «ኩፍኝ ከሆነ እኮ፣ ጋሽ ነጋሳ፣ ናዝሬት ሆናም ሊይዘው ይችል ነበር» አልኳቸው።

«ይችላል።»

«ምግቡ በጊዜው ሄዶ ቢሆንስ ይተርፍ ነበር?»

«አላውቅም። እዚያ በሽተኛ የሚረዳ ድሬሰር የታኅሣሥ ወር ራሽን ቀጭን ነበር ብሎኛል። ሆድ ያለው ልጅ ኩፍኝን ይችለዋል አለኝ፤ ሁልጊዜም ግን አይደለም አለኝ። የማላውቀው ነገር ነው የሚገድለኝ። ገድለኸዋል ቢሉኝ አንድ ነገር ነው፤ አልገደልከውም ቢሉኝም አንድ ነገር ነው።»

ነገሩ ከነከነኝና፣ «ለመሆኑ ፋብሪካው ያን ሁሉ የሰጠው ለፎቶግራፍ ብቻ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እውነት ለመናገር ‹አዎ› እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር።

አላሉኝም። «እንደሱ አትበል፤ ኃጢአት ነው» አሉ። «ጃራ ያን ዓመት ሁሉ እያማረረና እያሳቀን ጾመ፤ ዱቄቱን ከመኪናው ላይ ሲያወርድ ግን እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። የሱ ንጹሕ ነበር። ሥራ አስኪያጁም አባቱ የሞተበት ያህል አዝኖ ነበር፤ ግን ሐዘኑን ባንዲራው ቀደመው። ሁላችንም ውስጥ ርኅራኄው ነበረ። ርኅራኄው ብቻውን ቢሆን ኖሮ የጓሮውን በር ከፈት ማድረግ ይበቃው ነበር፤ ሰልፍ አያስፈልገውም። ሲሰጥ የሚታይ ነገር ስንፈልግ ነው፣ ሳይታይ ይሰጥ የነበረውን ዘግተን ያን አንሥተን የሰጠነው። እኔ ደግሞ በሩን የዘጋሁት በፍርሃት ነው። ፍርሃት የሰጠውን ሰዎች ደግነት ብለው አጨበጨቡለት።»

ፀሐዩ ዘወር ሲል አብረን ተነሣን። ካልሲያቸውን ሲያጠልቁ ክንዳቸውን ያዝኩላቸው። ወደ ናዝሬት የሚመለሰው አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሀጂራ አሁን እንዴት እንደሆነች ነገሩኝ። ከመጠለያው ስትወጣ በተሰጧት ሁለት ፍየሎች ጀምራ አሁን ላም አላት። ወለንጪቲ ገበያ ወተት ትሸጣለች። ጫልቱ ትምህርት ቤት ገብታለች። ጋሽ ነጋሳ ልንገራት ብለው አራት ጊዜ ሄደዋል። በሄዱ ቁጥር ጎረቤቶቿን ትጠራለች፤ «ልጄን ያተረፈልኝ ይኸ ሰው ነው፤ ‹ሂጂ› ያለኝ እሱ ነው» ትላለች። ከዚያ ወተት ታመጣለች፤ ለገበያ ያሰበችውን ጭምር። ይጠጣሉ። ይመለሳሉ።

«ታዲያ ቅዳሜ ከመድረኩ በፊት ከነገሯት፣ አልመጣም ብትልስ? ወይ መጥታ እዚያው ብትናገረውስ?» አልኳቸው። «ጡረታዎ እኮ አንድ ዓመት ነው የቀረው።»

«ይህንንም አስቤበታለሁ። ሥራ አስኪያጁ ‹እሷን ይዘህ ካልመጣህ› ያለኝን ሁሉ አስቤበታለሁ።»

«ምናልባት ባይነግሯት ይሻላት ይሆናል፤ አሁን ተረጋግታ ትኖራለች» አልኩ። ደግ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ።

ጋሽ ነጋሳ ቀና ብለው አዩኝ። «ልክ እንደሱ እያልኩ ነው አራት ጊዜ የተመለስኩት» አሉ። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ አፌን ዘጋሁ፤ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም።

ናዝሬት መናኸሪያ ስንደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። የወለንጪቲው አውቶቡስ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «ወለንጪቲ አንድ ሰው! አባባ፣ አንድ ሰው ነው የቀረው፣ ይግቡ!» ይላል። ጋሽ ነጋሳ ማኅደራቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ቆሙ። ጠዋት የሆነው ሊደገም ነው ብዬ ፈራሁ። ልግፋቸውም ልተዋቸውም አልቻልኩም፤ እጃቸውን ያዝኩ።

«ግቡ ወይ ልቀቁ፣ አባባ! መንገደኛው እየጠበቀ ነው!» አለ ረዳቱ።

«እገባለሁ፤ አትጩህ» አሉት። አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አሳርፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«ወተቱን ሳታመጣ ነው የምነግራት፣ ልጄ» አሉኝ። «ካመጣችው አልችልም።»